ኒኬል በሳምቡሳ ዘይት

አባቴ በጎንደር ገበያ ብረት፣ መዳብና ናስ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ በጥፍሩ ኳ ካደረገው መዳቡን ከናሱ ይለያል። የማስተርስ ጥናቴን የምሠራበትን ጥቁር እንክብል ሳሳየውም ያደረገው ይህንኑ ነበር። ወደ ጆሮው አስጠግቶ ኳ አደረገው።

«ገል ነው» አለ።

ገል አይደለም፤ መምህሬ ከውጭ አገር ለምነው ያስመጡት ሳማርየም ከሚባል ብርቅ ብረትና ከኒኬል የተሠራ ኦክሳይድ ነው። ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም፣ ከፈላ ውኃ በላይ ሲግል ግን እንደ ሽቦ ያሳልፋል፣ ብረት ይሆናል አልኩት። አባቴ ከልቡ አዘነልኝ።

«ልጄ፣ ብረት ብረት ነው። እንደ አየሩ የሚለዋወጥ ዕቃ ለደንበኛ መሸጥ ነውር ነው። በገል ዕድሜሽን ከምትፈጂ ሱቁን ያዢልኝ።»

ቀልዱን አልነበረም። ከዒድ በኋላ ትምህርቱን ትቼ ሱቅ እንድቀመጥ ቆርጧል። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ አባቴን እየወደድኩ ሱቁን እጠላው ነበር።

«ብረት ሲሆን ባሳይህስ?» አልኩት።

«እዚሁ፣ በዓይኔ ካየሁ ትማሪያለሽ» አለ።

እዚሁ ማለት ቀላል ነው። የዩኒቨርሲቲው ማሞቂያ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ቤት ያለው እሳት ደግሞ አክስቴ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ የምትጠብስበት ብቻ ነው። ዘይት ከፈላ ውኃ በላይ እንደሚግልና ኤሌክትሪክም እንደማያሳልፍ ትዝ ሲለኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እንክብሉ ላይ የተለጠፉትን ሁለት ሽቦዎች ከቴስተር ጋር አገናኘኋቸው፤ ኤሌክትሪክ እንደልቡ ሲያልፍ የሚጮህ መለኪያ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ጾመኛ በሚያፈጥርበት ዘይት?» አለች አክስቴ ጭልፋዋን እያነሳች።

«አንድ ደቂቃ እትዬ፣ ወላሂ አንድ ደቂቃ!»

እንክብሉን ዘይቱ ውስጥ ከተትኩት። ቴስተሩ ዝም። አባቴ የሙስበሃውን ዶቃ እየቆጠረ አየኝ። አሁንም ዝም። ከዚያ ቴስተሩ ጢጥ ብሎ ጮኸ።

አባቴ ዘሎ ተነሳ። «አውጪው!» አወጣሁት፤ ቀዝቀዝ ሲል ድምፁ ጠፋ። «መልሺው!» መለስኩት፤ ጮኸ። ስድስት ጊዜ አስደጋገመኝ። አጭበርብሬው እንደሆነ ብሎ መነጽሩን አድርጎ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መረመረ፤ ሻጭ ሊያታልለው የመጣ ይመስል። አክስቴ በበኩሏ ራሷን ይዛ «ሳይጠበስ አዛን ሊል ነው!» ትላለች። ይባስ ብዬ ኒኬል የገባበት ዘይት አይበላም፣ መደፋት አለበት ስላት፣ ጾመኛ ባትሆን ኖሮ ምን ትለኝ እንደነበር አላህ ይወቅ።

በቴምርና በሾርባ አፈጠርን። አባቴ ሾርባውን አጋምሶ «ስንቱን ደህና ዕቃ አይረባም ብዬ መልሼው ይሆን?» አለ ለራሱ። ከዚያ በኋላ ስለ እንክብሉም ስለ ትምህርቱም ትንፍሽ አላለም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ ሳላውቅ ጾሙ አለቀ።

በዒድ ማግስት ጠዋት ሱቅ ሄድኩ። የማላውቃት ሴት መዳብ ስትመዝን አገኘኋት። አባቴ ከሚዛኑ ቀና ሳይል «ሰው ቀጥሬያለሁ፤ የዩኒቨርሲቲው ሚኒባስ ሳያመልጥሽ ሂጂ» አለኝ። ልስመው ጠጋ ስል ደንበኛ አለ ብሎ ከለከለኝ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።