የቄቦቼ የመጀመሪያ እንቁላል

ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ አራት ቄብ ዶሮዎች አሉኝ። የሠራሁላቸውን ሳጥን ንቀው ሜዳ ላይ ሊጥሉ ሲዘጋጁ፣ ያው ጀሶ ሠራተኛ ነኝና፣ የጀሶ እንቁላል ቀርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። እዚህ ነው የሚጣለው እንዲሉ ነው። በቃ፣ በሦስተኛው ቀን አንዷ ገብታ አጠገቡ ጣለች!

ኩራቴን አትጠይቁኝ። ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር ሳላይ እጄን ሰድጄ አንዱን አነሳሁና ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘነቡ፣ "የቄቦቼ የመጀመሪያ ነው፣ ይቅመሱልኝ" ብዬ ሰጠኋቸው።

ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ቀቀልኩት። በቢላ ጀርባ ብመታውም አልሰበር አለኝ። ዶሮዋን ምን ብታበላት ነው?"

ደረቴን ነፋሁ። "እሱን እንኳ የጣልኩት እኔው ነኝ፣ እትዬ።"