ውሻው እስኪተኛ

ባሌ እንስሳትን የሚያስተኛ ሐኪም ነበር። ሙያውን የሚጠይቀኝ ሰው ይኼን ስለው ይስቃል። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሌላ ነው። የእሱ ድርሻ የሚቆረጠው እንስሳ ሕመም እንዳይሰማው ማድረግና ከእንቅልፉ በደኅና መመለስ ነበር። ሙያውን ከአንድ የሶሻሊስት አገር ተምሮ መጣና ከሃያ ሁለት ሰፈር ዝቅ ብሎ በነበረ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ተቀጠረ። እኔ እዚያው ረዳቱ ነበርኩ፤ በኋላ ሚስቱ ሆንኩ። እጄን የላም ደረት ላይ አሳርፌ ትንፋሿን መከታተልን፣ የዐይኗን ጥግ በጣቴ ነካ አድርጌ እንቅልፏ መጥለቁን መለየትን ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ የማይተወው ልማድ ነበረው። ማስተኛው መድኃኒት ሲሰጥ ባለቤቱ የእንስሳውን ራስ ደግፎ ይዞ፣ በለሰለሰ ድምፅ ማነጋገር አለበት። «ፈርቶ የተኛ ፈርቶ ይነሣል» ይል ነበር። ሰዎች ያፍራሉ። አንድ ነጋዴ በቅሎውን ምን እንደሚላት ጨንቆት ስለ በርበሬ መወደድ አወራት። አንዲት አሮጊት ደግሞ ምራታቸውን ለላማቸው ሲያሙ፣ ላሟ በሐሜቱ መሐል እንቅልፍ ወሰዳት።

«ቃሉ አያስፈልጋቸውም» ይላል ባሌ፤ «ድምፁ ነው የሚገባቸው። ብቻ አትቆጡ።»

ከዚያ ያ ሬሳ መንገድ ላይ የሚያድርበት ዘመን መጣ። በቀበሌያችን አዳራሽ በየሳምንቱ እሑድ ውይይት እንቀመጥ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር በዕድሜ ከባሌ የሚያንስ፣ ካኪ ለባሽ፣ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚናገር ሰው ነበር። አንድ እሑድ ባሌን አስነሣው።

«ጓድ ዶክተር፣ ሆስፒታሎቻችን መድኃኒት አጥተው አንተ የፈረንጅ ውሻ ታስተኛለህ ይባላል። ሰፊውን ሕዝብስ ምን አደረግክለት?»

ባሌ አካባቢውን አየት አደረገ። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ።

«ሕዝቡንማ ስብሰባው አስተኝቶልኛል» አለ።

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። እንደዚያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሰው ለወራት ያጠራቀመውን ሳቅ ነው የሳቀው። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ሽጉጡን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ መታጠቂያው ውስጥ ከተተ። በዚያው ሳምንት ባሌን ከቤት ወሰዱት። ምግብ ሳመላልስ ቆየሁና አንድ ቀን ዘበኛው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰልኝ። «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ።

ጮኼ ሳልጨርስ ሊቀመንበሩ ደጄ ላይ ቆመ። «ለአብዮቱ ጠላት አይለቀስም፤ ድንኳንም አይተከልም። ጎረቤት ቢገባ ጎረቤቱም ይጠየቃል» አለ። የት እንደጣሉት ጠየቅኩት። «የትም» አለኝ።

ጎረቤቶቼ በሬን ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አልፈርድባቸውም። አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ ብቻ ወንፊት ልትዋስ የመጣች መስላ ገባች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ድምፅ ሳታሰማ ከእኔ ጋር አለቀሰች፤ ወንፊቱን ይዛ ወጣች። የባሌ ልቅሶ ያ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ባሌ የወደቀበትን አውቄ፣ በደጄ ድንኳን አስተክዬ፣ በሰው ፊት ማልቀስ። ይኼንንም የከለከለኝ ያው ሰው በእጁ እንዲሰጠኝ እፈልግ ነበር። ሌላ ሰው ቢሰጠኝ አልቀበልም። ቂሜን አላጠፋሁትም፤ እንደ እርሾ በየጊዜው ለነገ አስቀር ነበር።

ክሊኒኩ አላባረረኝም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ዓመታት አለፉ፤ መንገድ ላይ ሬሳ ማየት ቀረ። ሊቀመንበሩ ግን በወንበሩ ላይ ነበር። ወደ ቦሌ ከተወረሱት ቪላዎች በአንዱ ይኖር ነበር፤ ባለቤቶቹ ወደ ውጭ ሲሸሹ ትተውት የሄዱትን ትልቅ ቡናማ ውሻም አብሮ ወረሰ።

አንድ ጠዋት ያንን ውሻ በወታደር ካፖርት ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ። የጭነት መኪና የኋላ እግሩን ጨፍልቆታል። የክሊኒኩ ቀዶ ሐኪም የባሌ ወዳጅ የነበረ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። እግሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«መቆረጥ አለበት፣ ጓድ።»

«እንዳያመው» አለ ሊቀመንበሩ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «እባካችሁ፣ ምንም ይሁን፣ እንዳያመው ብቻ።»

ይኼን ቃል ከዚያ አፍ ሰማሁ። መርፌውን ስሞላ፣ ጥቂት ጨምሬ ብሰጠው ውሻው እንደማይነሣ፣ ማንም ምክንያቱን እንደማያውቅ አሰብኩ። ግን ውሻው ምን በድሎኛል? የበደለኝ ከጎኑ ቆሟል።

መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻውን ወጋሁት። ሕመም ከመጣ በኋላ ከማባረር ሳይመጣ መንገዱን መዝጋት ይቀላል። ውሻው ጥቂት ጋብ ሲልለት መርፌውን ከፊት እግሩ ደም ሥር አስገባሁ።

«ራሱን ይያዙና ያነጋግሩት» አልኩ።

«ምን ልበለው?»

«ያሻዎትን። ድምፅዎ ብቻ አይቆጣ።»

«አይዞህ» አለው። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ…» ከዚያ ወዲያ ቃል አለቀበት። የውሻው ጆሮ ይንቀጠቀጣል።

«ስለ ባሌ ንገረው» አልኩት። አንቱታውን እዚያው ላይ ተውኩት።

ቀና አለ። «ሴትዮ፣ ምን ማለትሽ…» ሲል ድምፁ ከፍ ስላለ ውሻው ተወራጨ።

«አትጩህ፣ ይፈራል። ለስለስ አድርገህ።»

ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። ዞር ሳይል «የሥራው ወግ ነው፣ ጓድ» አለ።

ሊቀመንበሩ ውሻውን አየ፤ መርፌውን የያዘች እጄን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በውሻው ጆሮ ጀመረ። ሕፃን በሚያስተኛ ድምፅ ነበር የሚናገረው።

«አይዞህ… አንድ ዶክተር ነበረ። እኔ አልተኮስኩም፤ ስሙን ብቻ ነው የሰጠሁት… አይዞህ የኔ አንበሳ… በጭነት መኪና ጫንናቸው። ከቦሌ ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ከጤፍ ማሳው ወዲያ የተተወ የድንጋይ ካባ አለ… እዚያ ነው። አፈር መለስንበት… ተኛ፣ ተኛ…»

እሱ ሲናገር መርፌውን እገፋለሁ፤ ዝም ሲል እቆማለሁ። ማስተኛ ቀስ እያሉ መስጠት ደግሞ ትክክለኛው አሠራር ነው፤ የትኛውም መምህር ስሕተት ሊያወጣብኝ አይችልም።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?» አልኩት።

«ውሃ ጠየቀ።»

«ሰጠኸው?»

የውሻውን የዐይን ጥግ ነካሁ፤ አልተርገበገበም። ተኝቷል። ሰውየው ግን አላወቀም፤ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ «አልሰጠሁትም፣ የኔ ጌታ» አለው።

ሥራችንን ሠራን። የውሻው ትንፋሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተስተካከለ ነበር። ቁስሉ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ መሬት ላይ ተቀምጦ የውሻውን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ መንቃቱን ይጠብቅ ጀመር። ከፊቱ ቆምኩ።

«ሐሙስ ድንኳን አስተክላለሁ» አልኩት። «አንተም ትመጣለህ። ጠመንጃ አስይዘህ አይደለም። እንደ ጎረቤት መጥተህ ትቀመጣለህ።»

«አብደሻል?»

«እምቢ ካልክ ነገ ካባው አፋፍ ላይ ሄጄ እጮኻለሁ። ከአንተ በላይ ያሉት ቦታውን ማን ነገረሽ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

«ማን ያምንሻል?»

ቀዶ ሐኪሙ መቀሶቹን እያጠበ «እኔም ሰምቻለሁ፣ ጓድ» አለ። «ውሻውም ሰምቷል፤ እሱን ግን አይጠይቁትም።»

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ የውሻውን ጆሮ ማሻሸት ጀመረ። ውሻው ዐይኑን ገለጠ፤ ሳያለቅስ፣ ሳይወራጭ። የባለቤቱን እጅ ላሰ።

ሐሙስ የዕድሩ ድንኳን ግቢዬ ውስጥ ተተከለ። የዕድራችን ዳኛ ገመዱን ሲወጥሩ «ልጄ፣ ታስጨርሽናለሽ» ይሉኝ ነበር። ጥቁሬን ለብሼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የየቤቱ መስኮት በትንሹ ይከፈታል፤ ሰው አይወጣም።

ረፋዱ ላይ ሊቀመንበሩ መጣ። ሽጉጡን አልያዘም። ከፊቴ ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ማንም ለቀስተኛ አሜን ይላል። እኔ አላልኩም። ቆሞ ጠበቀ፤ ጆሮው ቀላ፤ ሄዶ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

እሱ መግባቱን ሲያዩ የግቢዎቹ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ወንፊቴን የተዋሰችው ጎረቤቴ መጣች፤ በዚያች እሑድ ከሳቁት ብዙዎቹ መጡ። አንዲት አሮጊት እሱ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«እሰይ፣ የኔ ልጅ፣ መጣህ? ዛሬ እጅህ ባዶ ነው እንዴ? ታሞ ነው ሽጉጡ?»

ድንኳኑ ሲሞላ ተነሣሁ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ደረቴን እየመታሁ ሙሾ አወረድኩ። ባሌ ማን እንደነበር፣ ስንት ከብት ከሕመም እንዳዳነ፣ በየትኛው ካባ እንደተጣለ፣ ውሃ ለምኖ እንደተከለከለ ተናገርኩ። ማን እንደከለከለው አልተናገርኩም፤ የማየው እሱን ብቻ ነበር፤ ሕዝቡም እኔ ወደማየው ያያል። አቀረቀረ፤ ያቀረቀረ አንገቱን ሁሉም አየው። ያ ሰዓት ጣፈጠኝ። ንስሐ አባቴ ይኼን ስነግራቸው አዝነው ነበር፤ እኔ አላዘንኩም።

በመጨረሻ ሊወጣ ተነሣ። የድንኳኑ በር ላይ ከጀርባችን ካለው መንደር የመጣች አንዲት እናት መንገዱን ዘጋችበት። ልጇም ባሌ በተወሰደበት ሳምንት ነበር የተወሰደው።

«የኔስ?» አለችው። «የኔስ ልጅ እዚያው ነው?»

ከኋላዋ ሌላ ሴት ቆመች፤ ከዚያችም ኋላ ሌላ። ዞሮ እኔን አየኝ፤ ከእነሱ የማስጥለው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ገብቶታል።

«ተቀመጥ» አልኩት።

ተቀመጠ።