ቀዩ ገጽና የአባዬ መንገድ

ገርጂ ባለችው የትራንዚት ቢሯችን ኮምፒውተሩ ቀይ ገጽ ሲያወጣ የሚደነግጥ ሰው አልነበረም። ዕቃ ከጉምሩክ ለማስለቀቅ በየቀኑ ከምንገባባቸው ድረ ገጾች ብዙዎቹ የደኅንነት ማረጋገጫቸው ጊዜው ያለፈበት ነው። ብራውዘሩ «ይህ ገጽ አደገኛ ነው፣ ተመለሱ» ይላል፤ እኛ ደግሞ ከታች «አድቫንስድ» የምትለዋን ተጭነን እንገባለን። ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። «እሱ ሁሌም ይጮኻል፣ እለፊው» አለኝ። በዚህም እምቢ የሚል ገጽ አለ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ከታመኑት ድረ ገጾች ዝርዝር ካልጨመርነው አይከፈትም። እኔ እቴ፣ ከማን ጋር ልጣላ? ያስቸገረኝን ሁሉ እጨምረው ነበር።

አንድ ጠዋት ቦሌ አራብሳ የምኖርበት ብሎክ የነዋሪዎች ግሩፕ ላይ፣ በሊቀ መንበራችን ስም አንድ ሊንክ መጣ። የቤት ካርታ ያልወሰዳችሁ እዚህ ላይ ተመዝገቡ ይላል። ካርታ! ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር የምንጨቃጨቅበት ካርታ! ቢሮ እንደገባሁ ከፈትኩት። ቀዩ ገጽ ብቅ አለ። «ደግሞ ጀመረህ፣ አንተ ነዝናዛ!» አልኩና እንደለመድኩት ከታመኑት ጋር ጨመርኩት። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁ። በስልክሽ የመጣውን ኮድ አስገቢ አለኝ፤ አስገባሁ። ከዚያ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከምሳ በፊት አለቃዬ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ።

«አንቺ፣ ሆስፒታል ነኝ አላልሽም እንዴ?»

«ምን ዓይነት ሟርት ነው ደግሞ?»

ስልኩን አዞረልኝ። በእኔ ስም፣ በእኔ ፎቶ፣ «መኪና ገጭቶኝ ሆስፒታል ነኝ። ለቀዶ ሕክምና በስልክ ገንዘብ ላኩልኝ። መናገር ስለማልችል አትደውሉ» ይላል። የራሴን ስልክ ሳነሣ የምንጻጻፍበት አፕ አስወጥቶኛል። ጠዋት የሰጠሁት ኮድ የአፑ መግቢያ ኖሯል። ስለ ሊንኩ ስነግረው አለቃዬ ራሱን ነቀነቀ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ። መጀመሪያ ላይ ሣቅሁ እንኳን። ከዚያ አባዬ ትዝ አሉኝ።

አባቴ ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት። ልባቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሎ አስጠንቅቆናል። ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። እናቴ ጋ ደወልኩ። ድምፄን ስትሰማ እሪ አለች።

«ያ አላህ! አፍሽ ተፈታ? አልሐምዱሊላህ!»

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። ማንም አልገጨኝም፤ ሌቦች ናቸው የጻፉት። አባዬ የት አሉ?»

«ወጡ እንጂ! በስልክ መላኩን አላውቅበትም፣ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ ብለው ሲጽፉልሽ፣ ላምበረት መናኸሪያ ጓደኛዬ ይቀበልዎታል ብለሽ የለም እንዴ?»

ሌላው አባት ቢሆን ገንዘቡን ይልክና ይዘረፍ ነበር፤ የእኔ አባት ግን ገንዘቡን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ በዚህ ዘመን መንገድ፣ በዚያ ልብ፣ ሌባው እጅ ድረስ በገዛ እግራቸው እየመጡ ነው። ፈራሁ። መንገድ ላይ ልባቸው ቢቆምስ? በሰላም ቢገቡስ፣ ያ በስሜ «ጓደኛዬ» የተባለው ሰው ወዴት ይወስዳቸዋል? አለቃዬ «ሂጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» ብሎ ጮኸብኝ።

በመገናኛ አድርጌ ላምበረት ደረስኩ። ከወሎ በኩል የሚመጡት መኪኖች ገና አልገቡም። በሩ ላይ ላለው ጥበቃ ነገሩን ዘርዝሬ አስረዳሁት። «ሰውየውን ታውቂዋለሽ?» አለኝ። አላውቀውም። እዚያ ከቆመው ሰው መሀል ማንኛውም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ስልኩን ይነካካል፣ ሁሉም ሰው ይጠብቃል። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። መኪና በገባ ቁጥር እየሮጥኩ ነጭ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ እፈልጋለሁ። የምቀራው ዱዓ እንኳን ከመሀሉ ይጠፋብኝ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከኮምቦልቻ የመጣ የአንድ ሚኒባስ ረዳት ወንበር ሲያጸዳ አገኘሁት።

«ቆብ ያደረጉት አባት? በታችኛው በር አውርደናቸው ነው የገባነው። አንድ ሰውዬ ተቀብሏቸው ሄዱ።»

ወዴት ልሂድ? መንገድ ለመንገድ እያለቀስኩ ስሮጥ ሰዉ ዞር እያለ ያየኛል። ድንገት አንድ ነገር መጣልኝ። አባዬ መንገደኛ ሲሆኑ ዙህርና አስርን፣ የቀትሩንና የከሰዓቱን ሶላት፣ አጣምረው ነው የሚሰግዱት፤ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሳይሰግዱ ደግሞ ንጉሥ ቢጠራቸው አይሄዱም። ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው መስጊድ ሮጥኩ።

በሩ አጠገብ ጃኬቱ ንጹሕ የሆነ ሰው ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ያለው የአባዬ ሻንጣ ነው፤ እናቴ እጀታውን በአረንጓዴ ክር የሰፋችው። ከኋላው ቀረብ ብዬ የያዘውን ስልክ አየሁ። ከላይ «አባዬ» ይላል። የራሴ ቻት ነው! ለዒድ የላክሁላቸው ፎቶዬ አለ። ከታች የመጨረሻው መልእክት፣ «እሱን ይመኑት፣ እንደ ወንድሜ ነው» ይላል። ልጮኽ ብል ድምፄ እምቢ አለኝ። ሻንጣውን ያዝኩት። ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ወዲያው አወቀኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ፎቶዬን ሲያይ የዋለ ሰው ነው። ያን ጊዜ «ሌባ!» የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ። ሻንጣውን ለቆ በታክሲዎቹ መሀል ተሰወረ።

አባዬ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ሲያዩኝ ጫማው ወደቀ። ራሴን፣ ትከሻዬን፣ ክንዴን በእጃቸው ዳሰሱ።

«የቱ ጋ ነው የመታሽ?»

«ምንም አልሆንኩም፣ አባዬ። ውሸት ነው።»

«ጓደኛሽስ? ምስኪን፣ ስሰግድ ሻንጣዬን ይዞልኝ ነበር።»

ሣቄና ልቅሶዬ ተደባልቆ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

አራብሳ እንደገባን ሌባውን ከአፔ አስወጣሁት። በነጋታው ቢሮ ገብቼ የታመኑትን ዝርዝር አንድ ሳላስቀር አጠፋሁ፤ አለቃዬ ቢያጉረመርምም እየመረመርን አንድ በአንድ መለስናቸው። የአባዬን ልብ ግን በየት በኩል ገብቼ ላስተካክል? ያን ምሽት መድኃኒታቸውን ከዋጡ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ለመንኳቸው።

«ከእንግዲህ በስሜ ምንም ቢጻፍልዎት አይመኑ። በአፌ ካልነገርኩዎት ከቤት አይውጡ።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት የተገጨሽ ቀንስ? አፍሽ የተያዘ ቀን?»

የመድኃኒታቸውን ብልቃጥ አንሥቼ መክደን ጀመርኩ።

«አብሽሪ» አሉኝ፣ እጄን ይዘው። «እኔ እንደሁ እመጣለሁ።»

እስከ ዛሬ ስልካቸው ዝግ በሆነብኝ ቁጥር ይህችን ቃል አስታውሼ እፈራለሁ።