ጠግበን የተገኘንበት ቀን

እናቴ ችግሯን ለሰው የምትናገር ሴት አልነበረችም። ጨው ሲያልቅባት እንኳ ከጎረቤት ከመጠየቅ፣ ጨው የሌለውን ወጥ "ለጤና ይሻላል" እያለች ታበላን ነበር። አባቴ የመንግሥት መኪና ሹፌር ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል የአልጋ አንሶላ እያጠበች እኔንና ታናሽ ወንድሜን ማሳደግ ያዘች። የምንኖረው ከታቦር ተራራ ሥር፣ በቀበሌ ቤት ነው። ከተማዋን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ኑሮው ጠና። ሻሸመኔ ምግብ ቤት ያላት የአባቴ እህት መጣችና "ልጅቷን ስጪኝ፤ ሥራም ታግዘኛለች፣ ሆዷም አይጎድልም" አለቻት። ማገዝ ማለት ምን እንደሆነ እናቴም እኔም እናውቃለን፤ ሰሃን ሲያጥቡና ሽንኩርት ሲልጡ ከትምህርት መቅረት ነው። እናቴ እምቢ አላለችም። "ትምህርት ሲዘጋ ትወስጃታለሽ" አለቻት። እኔ ደግሞ ትምህርት እወድ ነበር፣ ከሁሉም ጂኦግራፊ። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን ከረሃብ የተነሣ የአፍሪካ ወንዞች ሁሉ ይምታቱብኝ ነበር። አንድ ቀን አባይን ኮንጎ ላይ አፍስሼው መምህራችን ክፍሉን በሙሉ አስቆብኛል።

የምሳው ወሬ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ርእሰ መምህሩ ወላጆችን ሰብስበው፣ መንግሥት ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዱቄት፣ ስንዴና ዘይት ሊሰጥ መሆኑን ነገሯቸው። እህሉ ግን ለሁሉም አይዳረስም። መግባት የሚፈልግ ትምህርት ቤት በራሱ ጉልበት ወጥ ቤት ይሠራል፣ ቁልፍ ያለው መጋዘን ያዘጋጃል፣ እናቶችም በተራ ያበስላሉ። ከዚያ በኋላ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው መጥቶ ቦታውንና ልጆቹን አይቶ ይወስናል።

እናቴ ከስብሰባው ስትመለስ "ምሳው ከመጣ የትም አትሄጂም" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። በማግሥቱ ከሥራ መልስ ጭቃ ልታቦካ ወረደች።

ያን ወጥ ቤት የሠራው የማይገናኝ ሰው ሁሉ ተገናኝቶ ነው። የሲዳማ አባቶች ከደጋ ቀርከሃ በጋሪ አስጭነው አመጡ። መምህሮቻችን ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃ ሲረግጡ ስናይ የሳቅነው ሳቅ ለዓመት ይበቃል። የመጋዘኑን በር የሠራው ጎረቤታችን አናጢ ጴንጤ ነበር፤ የጸሎት ቤታቸውን መንግሥት ካሸገው ቆይቷል። እሱ ምስማር እየመታ ይዘምራል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ብቅ ሲል መዝሙሩን ወደ ፉጨት ይለውጠዋል። ሊቀመንበሩም ፉጨቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ ለበሩ ግን ቁልፍ ያመጣው እሱ ነው።

ቤቱ አለቀና የእንግዳው ቀን ተቆረጠ። ርእሰ መምህሩ በዋዜማው "ነገ እንግዳ አለብን፤ ልጆቻችሁን አጽድታችሁ ላኩ" ብለው ለወላጆች አሳሰቡ። እንግዳ ይመጣል የተባለች እናት ደግሞ ምን እንደምታደርግ የታወቀ ነው፤ ገመናዋን ትሸፍናለች። የአናጢው ሚስት የልጇን ቢጫ ቀሚስ አዋሰችን። እናቴ ጸጉሬን ሹሩባ ሠራችኝ፣ ፊቴን ቅባት ቀባችኝ። በመጨረሻም ከጠርሙስ ሥር የቀረችውን ዘይት በጣቷ ከንፈሬ ላይ አሸችልኝ። "ከንፈሩ የደረቀ ልጅ የእናቱን ጓዳ ያወራል" አለች። ቁርስ አልነበረም።

ይህን የምታደርግ እናት የእኔ ብቻ መስላኝ ነበር። ሰልፉ ጋ ስደርስ ግን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያብረቀርቃል። ዘወትር በባዶ እግሩ የሚመጣው የክፍሌ ልጅ በሁለት እግሩ ሊጎትተው የማይችል ትልቅ ጫማ አድርጓል። ቅባት ያልነካው ፊት የለም። እናቶቹም በባዶ እጅ አልመጡም፤ ያለ የሌለውን አዋጥተው ለእንግዳው ቡርሳሜ፣ ማለትም በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ ከሐይቁ አሣ ጋር አቅርበዋል።

እንግዳው ካኪ የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ወጥ ቤቱን ዞረው አዩ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ነቀነቁ፣ ውኃውን ቀመሱ። በሰልፋችን መካከል ሲያልፉ የአንዱን ልጅ ጉንጭ ቆንጠጥ አድርገው ሣቁ። ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የቀረበላቸውን በሉ። እናቶቹም እንደ ወጉ ጉርሻ አላስቀሩባቸውም።

ሲጨርሱ ተነሡና "ወጥ ቤታችሁ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣል" አሉ። "ግን ጓዶች፣ እህሉ ጥቂት ነው፤ የተላከውም ለተራቡ ልጆች ነው። የእናንተ ልጆች፣ እሰየው ነው፣ ጠግበው ነው ያገኘኋቸው።"

ርእሰ መምህሩን ላብ አጠመቃቸው። "ኧረ ጓድ፣ ብዙ ችግረኛ ልጅ አለን" አሉ።

"መልካም። አንድ አሳዩኝ።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚያን ቀኑ ዝምታ ግን ምሳችንን ሊያነቅዝብን ነበር። ወላጅ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "የተራበው የእኔ ልጅ ነው" ብሎ የሚጀምር ከየት ይምጣ? እኔም ሻሸመኔ ሰሃን ስታጥብ የምትውለው ልጅ ታየችኝ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ጨው እንኳ የማትበደረው እናቴ። መጥታ እጄን ያዘችና ወደ መሐል ወሰደችኝ።

"ጌታዬ" አለቻቸው፤ ዘመኑ የጓድ ነበር፣ ማንም ግን አላረማትም። "ይቺ ልጄ ናት። ትናንት ማታ ሽምብራ ቆሎ ነው የበላችው፤ ዛሬ እህል አልቀመሰችም። ቀሚሱ የጎረቤት ነው። ከንፈሯ ላይ የሚያዩት የበላችው አይደለም፤ ከእርስዎ ፊት እንዳልዋረድ እኔ ነኝ ዘይት የቀባኋት።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ ግን እጄን አልለቀቀችኝም።

ከኋላ አንዲት የሲዳማ እናት ተነሥታ ልጇን እየጎተተች መጣች፤ ያ ባለ ትልቅ ጫማው የክፍሌ ልጅ ነው። በሲዳምኛ ተናገረችና አንዱ መምህር ተረጎመላት። "ጫማው የአጎቱ ነው ትላለች። ቅቤውንም ተበድሬ ነው ያመጣሁት ትላለች።"

ከዚያ በኋላ በቦታው የቀረ ወላጅ አልነበረም፤ ሁሉም ልጁን እየያዘ ወደ መሐል ገባ። እንግዳው የበሉበትን ሳህን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይህን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ቅቤውን ባልበላሁ" አሉ ቀስ ብለው።

ከወላጅ ኮሚቴው አንድ ሽማግሌ "እንግዳ መጥቶማ ምን ይሁን ይላሉ፣ ጌታው?" አሏቸው። እንግዳው ሲሄዱ ርእሰ መምህሩን ጨብጠው "መጋዘኑን ጥረጉት" አሏቸው።

አቀበቱን ይዘን ወደ ቤት ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ "አፈርሽብኝ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

"እኔም አፈርኩ" አለች፤ እርምጃዋን ግን አልቀነሰችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ስሰማ እስከ ዛሬ ያቺ አቀበት ትታወሰኛለች።

ምሳው ከፋሲካ በኋላ ገባ። ገንፎ ነበር፣ አንዳንድ ቀን የስንዴ ንፍሮ። እናቴም ተራዋ ሲደርስ ማማሰያ ይዛ ታበስል ነበር፤ ለእኔ ከሌላው ልጅ አንዲት ጭልፋ አብልጣ አታውቅም፣ እኔም ስለዚህ አኩርፌያት አውቃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ገንፎ ጨው በዝቶበት ነበር። እስከ ታች ጠረግነው።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አክስቴ በቃሏ መሠረት መጣች። እናቴ አስቀመጠቻት፣ ቆሎ አቀረበችላት፣ ከዚያ ቀጥ ብላ አየቻት።

"ልጅቷን ልሰጥሽ የነበረው ማብላት አቅቶኝ ነው" አለቻት። "አሁን ምሳዋን ትምህርት ቤት ትበላለች። መስከረም ስድስተኛ ክፍል ትገባለች፤ አትሄድም።"

አክስቴ ቆሎውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ከእናቴ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም።

"እንዲህ መቸገርሽን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አለቻት።

"መናገር አላውቅበትም ነበር" አለች እናቴ። "አሁን ለመድኩ።"

አክስቴ በከሰዓቱ አውቶቡስ ብቻዋን ተመለሰች።