የጉምቦ መብራት ቁልፍ ያዥ

እኛ ሰፈር ጉምቦ ውስጥ የሶላሩን ቤት ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ስለ መብራት አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ የማንም ስላልሆንኩ ነው። ሰፈራችን ሦስት ወገን አለው። ቁልፉ አንዱ እጅ ከገባ መስመሩን ወደ ዘመዶቹ ይስባል ብለው ሌሎቹ ይፈራሉ። እኔ ደግሞ እዚሁ አገር ብወለድም ያደግኩት ጎረቤት አገር ኢትዮጵያ በስደት ነው፤ ስመለስ ዘመድ የሚባል አልጠበቀኝም። በአረብኛቸው "ሐበሺያ"፣ ኢትዮጵያዊቷ፣ ይሉኛል። ሶላሩ የተተከለ ሰሞን ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው መከሩና ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ሞኝ ነኝ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጠዋት የባትሪዎቹን ቤት ከፍቼ አያለሁ፤ ሲመሽ የክሊኒኩን፣ የዓሣ ነጋዴዎቹን ማቀዝቀዣና የቤቶቹን መስመር በየተራ አበራለሁ። ደመና የዋለ ዕለት ቤቶቹን አጠፋለሁ፣ እሰደባለሁም፤ የማዋለጃ ክፍሉ ግን አይነካም። ከወንዙ ማዶ ሙኑኪ ገበያ ዕቃ ልገዛ ስሄድ እንኳ መንገዱ ቢዘጋና ድልድዩን ሳልሻገር ቢመሽብኝስ እያልኩ ነው የምገዛው። ረጃፍ መንደር ለቅሶ ደርሼ ሳላድር ስመለስ ለቀስተኛው ታዝቦኛል። ምን ላድርግ?

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ፣ መጥቼ አርስሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ተመራማሪ መጣ። ኅብረተሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው መብራት እንዴት እንደሚዘልቅ ነበር የሚያጠናው። ያን የአዲስ አበባ አማርኛ ስሰማ ሆዴ ባባ፤ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት።

"ልጄ፣ አንተ ንገርልኝ" አልኩት። "ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ይሠልጥን፣ ቁልፉም በተራ ይዙር በላቸው። የተማረ ሰው ይሰማሉ።"

"እሺ እናቴ፣ ያሉኝን ሁሉ እየጻፍኩ ነው" አለኝ። ይጽፍም ነበር።

ጥናቱን ጨርሶ ውጤቱን ሊነግረን ሲመጣ ሰዉ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። እሱ አረብኛ ስለማይችል አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። እሱ ጥቂት ይናገራል፣ ይቆማል፣ እኔ እተረጉማለሁ። እየሄደ እየሄደ እንዲህ አለ፦

"ይህ መብራት እስከ ዛሬ የዘለቀው በእኚህ እናት ነው። ሁሉም ወገን ያምናቸዋል። እሳቸው ከሌሉ ሥርዓቱ አይዘልቅም።"

ሰዉ አፍ አፌን ያየኛል። "ቁልፉ ይዙር ብሏል" ብል ማን ያውቅብኛል? ከእሱና ከእኔ በቀር እዚያ አማርኛ የሚሰማ የለም። ግን ቁልፉን የሰጡኝ አትዋሽም ብለው ነው፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩላቸው። እልልታው ቀለጠ። በገዛ አፌ በሬን ቆለፍኩ።

ከዚያ የራሴን ጨመርኩ። "ይሄ የእሱ ነው። የእኔ ደግሞ፣ ልጄ ልትወልድ ስለሆነ እሄዳለሁ። እስክመለስ ቁልፉን የሚይዝ ሰው ምረጡ።"

ተያዩ። ማንም የማንንም ስም አልጠራም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት፣ ክፋት የማያውቁ ሴት፣ እጄን ይዘው "ማሌሽ"፣ ግድ የለም፣ አሉኝ። "ሂጂ ልጄ፣ ማን ይከለክልሻል? አንቺ እስክትመለሺ ዘግተነው እንቆያለን።"

"ክሊኒኩስ?"

"እኛ በፋኖስ አልወለድንም?"

ሌሎቹም እውነታቸውን ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እኔም ተቆጥቼ እሄድ ነበር። ተመራማሪው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ።

"ጥናትህን ወደውታል" አልኩት።

በማግሥቱ ልጄ ጋ ደወልኩ። እንደማልመጣ በቀጥታ መናገር አቅቶኝ ስለ ደመናው አወራሁ፣ ስለ ባትሪዎቹ አወራሁ፣ በማዋለጃው ክፍል ተራ ስለሚጠብቁት ሴቶች አወራሁ። እስክጨርስ ሰማችኝ። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

"ግድ የለም እማዬ" አለችኝ። "አማቴ እንዲያርሱኝ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር።"