ቡቺ የሚጠብቀው ቤት

ሰመራ ውስጥ በባጃጅ ስንሄድ ባለቤቴ ስልኳን አሳየችኝ። ፈረንጅ ባልና ሚስት አልጋ ባለው መኪና ኖርዌይን ይዞራሉ፤ ውሻቸው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮሃል።

ጩኸቱ ወዳደግኩበት አዋሽ መለሰኝ። ልጅ ሆኜ ወደ ሰመራ ስንዛወር፣ አባቴ የጣሪያውን ቆርቆሮና በሩን ሳይቀር ነቅሎ አይሱዙ ላይ ጫነ። ዶሮዎቹም በቅርጫት ተጫኑ።

«አባዬ፣ ቡቺስ?» አልኩት ውሻችንን እያየሁ።

«እሱ ቤት ይጠብቃል።»

የቱን ቤት? ያኔ አልገባኝም፤ ዛሬም አይገባኝም! የቀረው እኮ ግድግዳ ብቻ ነው! ቡቺ ግን እንደታዘዘው በሩ በነበረበት ቦታ ተቀምጦ፣ መኪናችን እስኪርቅ በዓይኑ ሸኘን።

«ውሻ ይዞ ሽርሽር! ጥጋብ ነው» ብላ ባለቤቴ ሳቀች።

ምኑ ያስቃል? እኛ እኮ ለዶሮዎቹ ቦታ አላጣንም።