ለሐይቁ የተሰጡ ሰይፎች

ቬሎሪጋ ካቱዋሩስ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነው። የአባታቸውን መዶሻና ወናፍ ወርሰው በመንደራችን ብረት መቀጥቀጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ሥራቸውን የሚነቅፍ ሰው አልሰማሁም፤ ጠባያቸውን የሚነቅፍ ግን ሞልቷል።

ሮማውያን አገራችንን በያዙ በአራተኛው ዓመት፣ ወዳጅ የተባሉት ነገዶች ሳይቀሩ መሣሪያቸውን እንዲያስረክቡ ታዘዘ። ለእኛ መንደር የተሰጠው ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነበር። በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ የሮማ የመቶ አለቃ ወታደሮቹን አስከትሎ ሲደርስ የቬሎሪጋ ምድጃ ገና አልበረደም፤ ሰይፍ ግን በየትኛውም ቤት አልተገኘም። ቬሎሪጋ አባታቸው ለመንደሩ የሠሯቸውን ሰይፎች አንድ በአንድ አግለው፣ እንደ ማጭድ አጥፈው፣ ሐይቁ ውስጥ ጥለዋቸው ነበር። በእኛ ዘንድ የታጠፈ ሰይፍ ሞቷል፤ የሞተ ሰይፍ ደግሞ የሐይቁ አምላክ ንብረት ነው። ከዚያ የሚያወጣ ሰው ከእሳታችን ዳር አይቀመጥም፤ ልጆቹም አይቀመጡም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰይፎቹ የት አሉ?» አለ የመቶ አለቃው፣ ቋንቋችንን እየሰባበረ።

«ሞተዋል።»

«ማን ገደላቸው?»

«እኔ ነኛ! ቀብሩ አመለጠህ እንጂ ታለቅስ ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። የመቶ አለቃው ሰይፎቹ ሐይቁ ውስጥ መሆናቸው ሲገባው፣ ገብተን እንድናወጣ አዘዘ፤ የተንቀሳቀሰ አልነበረም። «ከዚህ ውሃ ማንም አያወጣም» አሉት ቬሎሪጋ። ወታደሮቹ እስከ ማታ ጭቃውን በጦር ሲወጉ ውለው ከአረም በቀር ምንም አላገኙም። ስለዚህ የቬሎሪጋን ቀኝ እጅ ብረት መቀጥቀጫው ላይ አስቀምጠው፣ በገዛ አባታቸው መዶሻ ሦስት ጣቶቻቸውን ሰበሩ።

«አያያዝህ የጀማሪ ነው» አሉት የመታቸውን ወታደር።

ከዓመታት በኋላ፣ ዘንድሮ፣ በሮማ ላይ አመፅ ተቀጣጠለ። የወንድማቸው ልጅ ሴኖሪክስ ማጭድ ይዞ መጣ።

«አክስቴ፣ በዚህ ሣር ማጨጃ ልዝመት? የጣልሽበትን ቦታ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አሳይኝ፤ መዶሻውን እኔ ይዤ አቀናቸዋለሁ።»

«ለአምላክ የተሰጠ ነው።»

«እሱስ የማን ወገን ነው? አብሮን ይዝመት እንጂ!»

«ማንም አያወጣም ያልኩት ታዲያ ለዚያ ውሻ ዋሽቼ ነው?»

«ዋሽተሽ ቢሆንስ? ለሮማ እውነት መናገር ግዴታ አለብሽ እንዴ?»

ቬሎሪጋ ዛሬ ጠዋት ምድጃቸውን አነደዱ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። መንደሩ በሙሉ ከዳር ቆሞ ይመለከታል። ወደ ኋላ አልተመለሱም፤ አላጎነበሱምም። ቀጥ ብለው ቢቆሙ ማንም አያወጣም ያሉትን ቃል ይጠብቃሉ፣ ቢያጎነብሱ ለአመፁ ሰይፍ ያወጣሉ፤ ሁለቱም ሮማን እምቢ ማለት ነው። እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ እጃችሁን ወደ ውሃው ትሰዱ ነበር?